ለቀልድ የታጩት ከንቲባ

ታሪክ ሲነሣ የብዙዎቻችን አሳብ የሚሮጠው ወደ ነገሥታት ዙፋንና ወደ ጦር ሜዳ ነው። ዛሬ ማታ የማወጋችሁ ግን ዙፋንም ጦርም የሌለበት ታሪክ ነው። አምስት መቶ ሰው እንኳ የማይሞላባት አንዲት የገጠር ከተማ ከንቲባዋን በመረጠችበት ዕለት፣ ከማለዳ እስከ ማታ ባለው ጊዜ ውስጥ ምን እንደ ደረሰ እነግራችኋለሁ። ከተማይቱ በአሜሪካ፣ በካንሳስ ግዛት ውስጥ የምትገኘው አርጎንያ ናት። ቀኑም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አፕሪል 4 ቀን 1887፣ እንደ እኛ አቆጣጠር መጋቢት 27 ቀን 1879 ዓ.ም. ነበረ። በአገራችን ራስ አሉላ በዶጋሊ የኢጣልያን ጦር ድል ካደረጉ ገና ሦስት ወር አልሞላም ነበረ፤ አዲስ አበባም ከተቆረቆረች ወራት እንጂ ዓመት አልሆናትም። ይህን ያነሣሁት ሁለቱ አገሮች በዚያ ጉዳይ የሚገናኙ ሆነው ሳይሆን፣ አድማጭ ዘመኑን በቅርብ እንዲያስበው ብዬ ነው። ከእንግዲህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። እኛ «ከንቲባ» ስንል ከጎንደር ነገሥታት ዘመን ጀምሮ ከላይ በሹመት የሚሰጥ ማዕርግ ትዝ ይለናል። በካንሳስ የነበረው የከተማ ሹም ግን ነዋሪው በየጊዜው ድምፅ እየሰጠ የሚያስቀምጠው፣ የሥልጣን ዘመኑ ሲያልቅም ወደ ሱቁ ወይም ወደ እርሻው የሚመለስ ተራ ሰው ነበረ። የአርጎንያ ከንቲባ የሥልጣን ዘመን አንድ ዓመት፣ የዓመቱም ደመወዝ አንድ ዶላር ነበረ። በእውነቱ ለዚህ ሹመት ብሎ ሌሊት እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ይኖራል ተብሎ የሚታሰብ አልነበረም።

አርጎንያ የምትገኘው በሳምነር አውራጃ፣ ከካንሳስ ደቡባዊ ወሰን ብዙ ሳትርቅ፣ ስንዴ በሚበቅልበት ሜዳ ላይ ነው። ስሟ የተወሰደው በጥንታውያን ግሪኮች ተረት ጀግኖቹ የወርቁን የበግ ጠጉር ፍለጋ ከተሳፈሩባት፣ አርጎ ከምትባለው መርከብ ነው። ከባሕር ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ለራቀች የስንዴ ከተማ የመርከብ ስም ያወጣላት ሰው ምን አስቦ እንደ ሆነ እኔን ሁልጊዜ ይገርመኛል። ከተማይቱ በሕግ የቆመችው በ1885 ሲሆን፣ የመጀመሪያው ከንቲባዋ ሚስተር ኦሊቨር ኪንዚ ይባሉ ነበረ። እኒህን ሰው አስታውሷቸው፤ ሴት ልጃቸው የዛሬው ነገራችን ባለቤት ናቸውና።

በዚያ ዘመን በአሜሪካ ስለ ሴቶች የመምረጥ መብት የሚደረገው ክርክር ገና አልተፈታም ነበረ። ካንሳስ በ1861 ወደ አሜሪካ ኅብረት ስትገባ ለሴቶች በትምህርት ቤት ጉዳዮች ምርጫ ብቻ ድምፅ እንዲሰጡ ፈቅዳ ነበረ። በ1867 መብቱን ወደ ምርጫ ሁሉ ለማስፋት ለሕዝብ ቢቀርብ ወንዶቹ መራጮች አልተቀበሉትም። ሃያ ዓመት ከቆየ በኋላ፣ በ1887 መጀመሪያ ላይ፣ የግዛቲቱ ምክር ቤት መካከለኛ መንገድ አገኘ። ይኸውም ሴቶች በከተማ አስተዳደር ምርጫ እንዲመርጡና እንዲመረጡ የሚፈቅድ ሕግ ነበረ። የአርጎንያ ምርጫ የተደረገው ይህ ሕግ በወጣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ ስለ ሆነ፣ የከተማይቱ ሴቶች ከከተማ ምርጫ ሣጥን ፊት ሲቆሙ የመጀመሪያ ጊዜያቸው ነበረ ማለት ነው። ሕጉ ገና ጨቅላ ነበረ። የወለዱት ሰዎችም ይደግ ወይስ ይሙት የሚለውን በልባቸው ገና አልቈረጡም ነበረ። በዚያ ጸደይ በየትናንሹ ከተማ የሚሆነው ሁሉ ለወዳጁም ለጠላቱም ማስረጃ እንዲሆን ይጠበቅ ነበረ።

ሌላው ጉዳይ የመጠጥ ጉዳይ ነው። ካንሳስ አስካሪ መጠጥ እንዳይሠራና እንዳይሸጥ በሕገ መንግሥቷ የከለከለችው በ1880 ነው። ይሁን እንጂ ሕግ ማውጣትና ሕግ ማስከበር የተለያዩ ነገሮች ስለ ሆኑ፣ በየከተማው በድብቅ የሚሸጥ አልጠፋም። ስለዚህ በ1874 የተቋቋመው የክርስቲያን ሴቶች የመጠጥ መከላከያ ማኅበር በአገሩ ሁሉ ቅርንጫፍ እያበዛ ሲሄድ፣ በ1883 በአርጎንያም ቆመ። የባሏ ደመወዝ በመጠጥ ቤት ሲያልቅ የምታይ ሚስት ከሰባኪ ሁሉ ይልቅ የምትናገረው እንደሚኖራት ለማንም ግልጽ ነው። አዲሱ ሕግ በወጣ ጊዜም የአርጎንያ ማኅበርተኞች ተሰብስበው፣ የመጠጥ ክልከላውን ሕግ በእውነት ያስከብራሉ ብለው ያመኑባቸውን ሰዎች ያለ ፓርቲ ልዩነት መርጠው ለከንቲባነትና ለምክር ቤት አጩ። ያጩአቸው ሁሉ ወንዶች ነበሩ። ሴት እንሹም የሚል አሳብ በመካከላቸው ከቶ አልነበረም። በዚያ ቀን የማኅበሩ ሊቀ መንበር ስላልተገኙ ስብሰባውን የመሩት ወይዘሮ ሱዛና ማዶራ ሶልተር ነበሩ።

እኒህ ሴት ማን ነበሩ? በ1860 በኦሃዮ ተወልደው፣ ኩዌከር ከሚባለው የክርስትና ወገን በሆኑ ወላጆች እጅ አደጉ። በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ቤተ ሰቡ ወደ ካንሳስ ፈልሶ ሰማንያ ኤከር መሬት ይዞ ማረስ ጀመረ። በኋላም ማንሃታን በምትባል ከተማ (የኒው ዮርኳ ማንሃታን አይደለችም፤ ይህች የካንሳስ ናት) በሚገኘው የእርሻ ኮሌጅ ተማሩ። ሊመረቁ ስድስት ሳምንት ሲቀራቸው ታመው ትምህርቱን አቋረጡ። በዚያው ኮሌጅ ያወቋቸውን፣ የግዛቲቱ ምክትል ገዥ ልጅ የሆኑትን ሚስተር ሉዊስ ሶልተርን በ1880 አግብተው፣ በ1882 ወደ አርጎንያ መጡ። ባልየው የብረታ ብረት ዕቃ መደብር ሲመሩ ወይዘሮ ሶልተር ልጆቻቸውን ያሳድጉ ነበረ። በምርጫው ጊዜ የሃያ ሰባት ዓመት ወጣትና የአራት ልጆች እናት ነበሩ።

በማኅበሩ ስብሰባ ላይ ሁለት ወንዶች ገብተው ሴቶቹን በነገር እየወጉ ለማወክ ሞከሩ። ባልተሳካላቸው ጊዜ መሰሎቻቸውን ጠርተው፣ በጠቅላላው ሃያ ያህል ሰዎች ከአንድ ምግብ ቤት በስተጀርባ ባለ ክፍል ውስጥ በምሥጢር ተሰበሰቡ። እነዚህ ሰዎች የከተማ አስተዳደር የወንዶች ብቻ ርስት ነው የሚሉ፣ የመጠጥ ክልከላውንም የማይወዱ ነበሩ። የመከሩት ምክርም ይህ ነው። ማኅበሩ ያወጣውን የዕጩዎች ዝርዝር እንዳለ ይገለብጡና፣ የከንቲባውን ስም ብቻ ፍቀው በእርሱ ቦታ የወይዘሮ ሶልተርን ስም ያገባሉ። ወይዘሮ ሶልተርን የመረጡበት ምክንያት ከማኅበሩ ሹማምንት መካከል ቤታቸው በከተማው ክልል ውስጥ የሆነ፣ ስለዚህም በሕግ ሊመረጡ የሚችሉ እርሳቸው ብቻ ስለ ነበሩ ነው።

እንዲህ ያለው ተንኰል እንዴት ሊሠራ እንደ ቻለ ለመረዳት የዘመኑን የምርጫ ሥርዓት ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ በብዙ አገር እንደሚደረገው፣ መንግሥት የዕጩዎችን ሁሉ ስም በአንድ ወረቀት ላይ አትሞ መራጩ ለብቻው ተከልሎ ምልክት የሚያደርግበት ሥርዓት፣ በ1856 በአውስትራልያ ተጀምሮ ወደ አሜሪካ መግባት የጀመረው በ1888 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፓርቲ ወይም ቡድን የራሱን ዕጩዎች ስም በወረቀት አሳትሞ፣ በምርጫው ቀን በደጃፍ ቆሞ ያድል ነበረ። መራጩም የወደደውን ወረቀት ተቀብሎ በሣጥኑ ይጨምራል። ዕጩው አስቀድሞ መመዝገብም ፈቃዱን መስጠትም አያስፈልገውም። አንድ ሰው ስሙ በወረቀት ላይ መውጣቱን ሳያውቅ በማለዳ ታጭቶ ሊያድር ይችል ነበረ።

ሃያዎቹ ሰዎች ያሰሉት ስሌት ቀላል ነበረ። ለሴት ድምፅ የሚሰጥ ወንድ አይገኝም፤ ሴቶቹም ለማኅበሩ ዕጩና ለወይዘሮ ሶልተር ይከፋፈላሉ፤ ሴትዮዋ ጥቂት ድምፅ ብቻ አግኝተው ይዋረዳሉ፤ ማኅበሩም መሳቂያ ይሆናል። የመጀመሪያዋ ሴት ዕጩ በትንሽቱ አርጎንያ ሃያ ድምፅ አገኘች የሚል ወሬ በጋዜጣ ቢወጣ፣ የዚያ አዲስ ሕግ ጠላቶች ለዓመታት የሚጠቅሱት ምሳሌ በሆነ ነበረ። ቀልድ ብለው ያመጡት ነገር ስለዚህ በወይዘሮ ሶልተር ላይ ብቻ የተቃጣ አልነበረም፤ ያን ቀን በከተማ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ ሊሰጡ ልብሳቸውን ለብሰው በመጡት ሴቶች ሁሉ ላይ ነበረ።

በምርጫው ቀን ማለዳ ድምፅ ሊሰጡ የሄዱ ሰዎች ወረቀቱን አይተው ደነገጡ። ወሬው የሬፑብሊካን ፓርቲ የአካባቢው ሊቀ መንበር ዘንድ ሲደርስ፣ ሊቀ መንበሩ ነገሩን እንደ ቀልድ አላለፉትም፤ መልእክተኞች ወደ ወይዘሮ ሶልተር ቤት ላኩ። መልእክተኞቹ ሲደርሱ ወይዘሮዋ የቤተ ሰቡን ልብስ ሲያጥቡ አገኟቸው። የሆነውን ሁሉ ነገሯቸውና፣ ቢመረጡ ሹመቱን ይቀበሉ እንደ ሆነ ጠየቋቸው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቈይ። ወይዘሮ ሶልተር እምቢ ቢሉ ኖሮ ማንም የሚነቅፋቸው አልነበረም። እንዲያውም የዘመኑ ሰው ጨዋነታቸውን ያመሰግን ነበረ። ከዚያ ሃያ አምስት ዓመት በፊት፣ በ1862፣ በአዮዋ ግዛት በምትገኘው በኦስካሉሳ ከተማ ናንሲ ስሚዝ የተባሉ ሴት ከንቲባ ሆነው ተመርጠው ሳለ ሹመቱን አልተቀበሉም። በዚህም ምክንያት በታሪክ ስማቸው እምብዛም አይነሣም። ወይዘሮ ሶልተር እጃቸው በሳሙና እንደ ራሰ፣ አስቀድመው ሳይመክሩበት፣ ባላቸው እንኳ ሳይሰሙ፣ እቀበላለሁ አሉ። መልእክተኞቹም እንግዲያውስ እንመርጥዎታለን፤ ይህን ተንኰል ለሸረቡትም እናሳያቸዋለን ብለው ሄዱ። የአገራችን ሰው ለጠላትህ ጉድጓድ አታርቅ ማን እንደሚገባበት አይታወቅምና የሚለው ለእንዲህ ያለው ቀን ሳይሆን አይቀርም።

ታሪኩን የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ምስጋናውን ለወይዘሮዋና ለሬፑብሊካኖቹ ያካፍላሉ። እኔ ግን ለማኅበሩ ሴቶች ከዚያ የበለጠ ድርሻ እሰጣለሁ። እነዚህ ሴቶች መክረው የመረጡት የራሳቸው ዕጩ ነበራቸው፤ ለእርሱም ቃል ገብተው ነበረ። በከተማ ምርጫ የመጀመሪያ የሆነውን ድምፃቸውን ሊሰጡ ሲመጡ፣ የተንኰለኞቹ እጅ ያረፈበት ወረቀት ቀረበላቸው። ያን ወረቀት ቀደው ቢጥሉት፣ ወደ ዕጩአቸውም ቢመለሱ፣ ሃያዎቹ ሰዎች እንዳሰሉት ይሆን ነበረ። ሴቶቹ ግን በዚያው ዕለት ዕጩአቸውን ትተው ድምፃቸውን በሙሉ ለወይዘሮ ሶልተር ሰጡ። ማንም ይጻፈው ማን ወረቀቱ የመራጩ መሆኑን ከሃያዎቹ ወንዶች ይልቅ አዲሶቹ መራጮች አወቁ ማለት ነው። ለከተማ ምርጫ የሁለት ወር መብት ብቻ የነበራቸው ሰዎች ይህን በጥቂት ሰዓት ውስጥ መክረው መወሰናቸው ቀላል ነገር አይደለም።

ወይዘሮ ሶልተር ከቀኑ በአሥር ሰዓት ከወላጆቻቸው ጋር ሄደው ድምፃቸውን ሰጡ። ማታ ድምፁ ሲቈጠር ከሦስቱ እጅ ሁለቱን እጅ አግኝተው ከንቲባ ሆኑ። በዚህም በአሜሪካ ተመርጣ በሥራ ላይ የተቀመጠች የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባ ለመሆን በቁ። ሚስተር ሶልተር መጀመሪያ ነገሩ አላስደሰታቸውም ይባላል፤ ማን ይፈርድባቸዋል፣ ጠዋት ከቤት ሲወጡ የባለ መደብር ሚስት የነበሩት ማታ የከተማው ሹም ሆነው ቈይተዋቸዋል። ብዙ ሳይቈዩ ግን ራሳቸው «የከንቲባዋ ባል» እያሉ በስማቸው ይቀልዱ ጀመረ።

ወሬው በቴሌግራፍ ከአገር ወደ አገር በረረ። እስከ ስዊድንና እስከ ደቡብ አፍሪካ ያሉ ጋዜጦች ጻፉት። የሚያመሰግኑ ደብዳቤዎች መጡ፤ የሚሳደቡም አልጠፉ። አንድ ሰው የወንድ ሱሪ ሥሎ፣ የስድብ ግጥም ጨምሮ በፖስታ ላከላቸው። የኒው ዮርክ ሰን ጋዜጣ ወኪል ደግሞ የአርጎንያን የምክር ቤት ስብሰባ ለማየት መጣ። ያ ጸሐፊ ስለ ከንቲባዋ ቀሚስና ባርኔጣ ሳይጽፍ አላለፈም፤ የወንድ ከንቲባ ስብሰባ ቢሆን ስለ ኮቱ ቍልፍ ይጽፍ ነበረ ወይ ብሎ መጠየቅ ይቻላል። ሆኖም ወይዘሮዋ ስብሰባውን በሥነ ሥርዓት መምራታቸውን፣ ከነገሩ የሚወጣ ንግግር ሲነሣም ተናጋሪውን እየገቱ ወደ ጉዳዩ መመለሳቸውን መስክሮላቸዋል።

ወይዘሮ ሶልተር በመጀመሪያው ስብሰባ ለምክር ቤቱ አባሎች የተናገሩት ቃል አጭር ነበረ። በሕግ የተመረጣችሁ የከተማይቱ ሹማምንት እናንተ ናችሁ፤ እኔ ስብሰባችሁን የምመራ ነኝና ፈቃዳችሁ ምንድር ነው የሚል መንፈስ ነበረው። ወንዶቹ ሴት ልትገዛን መጣች ብለው ፈርተው ከነበረ፣ ፍርሃቱ በዚያች ሰዓት ሳይበርድ አልቀረም። ከዚህ በኋላ የአርጎንያ ዓመት እንደ ማናቸውም የገጠር ከተማ ዓመት አለፈ። በባዶ ቤት ላይ ድንጋይ የሚወረውሩ ልጆች ተገሠጹ፤ ሌላም እንዲሁ ጥቃቅን ጉዳይ ታየ። ትልቅ ሕንፃ አልተሠራም፤ ብጥብጥም አልተነሣም። ሴት ከተሾመች ከተማው ይፈርሳል ብለው የተነበዩት ሰዎች የሚጽፉት አጡ። የወይዘሮዋ የግል ሐዘን ግን በዚያው ዓመት ነበረ። በሥልጣን ላይ ሳሉ አንድ ልጅ ወልደው በሕፃንነቱ ሞተባቸው። በሕይወታቸው ከወለዷቸው ዘጠኝ ልጆች አንዱ ነው።

በዚያው ዓመት ለሴቶች የመምረጥ መብት የሚታገሉ ሰዎች ኒውተን በምትባል የካንሳስ ከተማ ጉባኤ ባደረጉ ጊዜ ወይዘሮ ሶልተር ተገኝተው ተናገሩ። በአገሩ ሁሉ ዝነኛ የነበሩት ሚስ ሱዛን አንተኒ ከእርሳቸው ጋር ሲተዋወቁ ትከሻቸውን መታ አድርገው፣ ለካ እንደ ሌላዋ ሴት ሁሉ ነዎት በማለት ቀልደውባቸዋል። ሚስ አንተኒ ለዚህ መብት እስኪሸብቱ የታገሉ ሲሆኑ፣ መብቱ በመላ አሜሪካ በ1920 ሲጸድቅ ለማየት አልታደሉም፤ በ1906 ዐርፈዋል። የካንሳስ ሴቶች ግን በ1912 በምርጫ ሁሉ ድምፅ ለመስጠት በቅተዋል።

የሥልጣን ዘመናቸው ሲፈጸም ወይዘሮ ሶልተር ዳግመኛ ለመመረጥ አልፈለጉም። አንድ ዶላራቸውን ተቀብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። መንገዱ ግን ተከፍቶ ነበረ። በ1887ቱ ምርጫ ሲራኪዩስ የተባለች የካንሳስ ከተማ የምክር ቤት አባሎቿን በሙሉ ከሴቶች መረጠች። በ1888 ደግሞ በካንሳስዋ ኦስካሉሳ፣ ከላይ ካነሣኋት ከአዮዋዋ ጋር ስሟ አንድ በሆነው፣ ከንቲባዋ ወይዘሮ ሜሪ ላውማን ከነምክር ቤታቸው ሴቶች ሆነው ተመረጡ። እነዚህን ማንም ለቀልድ አላጫቸውም።

የሶልተር ቤተ ሰብ በኋላ አዲስ መሬት ለሰፋሪ በተከፈተበት በኦክላሆማ ሄዶ ተቀመጠ። ሚስተር ሶልተር በ1916 ሲሞቱ ወይዘሮዋ ኖርማን ወደምትባለው የኦክላሆማ ከተማ ተዛወሩ። ሌላ ሹመት አልፈለጉም፤ ስለ አርጎንያው ዓመትም ሰው ሲጠይቃቸው እንጂ በራሳቸው የሚፎክሩ ሴት አልነበሩም። የአርጎንያ ሰዎች ግን አልረሷቸውም፤ በ1933 በከተማይቱ አደባባይ የነሐስ መታሰቢያ አቆሙላቸው። በ1961 መቶ አንደኛ ዓመታቸውን ካከበሩ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ማርች 17 ቀን ዐረፉና አስከሬናቸው ወደ አርጎንያ ተመልሶ ተቀበረ። በ1884 የተሠራው ቤታቸውም በ1971 በአሜሪካ ታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ገብቷል። መልእክተኞቹ በዚያ የምርጫ ማለዳ ልብስ ሲያጥቡ ያገኟቸው በዚያ ቤት ነበረ።